ግድግዳው ሲንኳኳ

ዝናቡ በድንገት ባይጀምር ኖሮ እሷም በመንገዷ፣ እኔም በመንገዴ በሄድን ነበር። የመድኃኒት ቤቱ በረንዳ ላይ ለመጠለል ዘልዬ ስገባ የጊታር ሠሪውን ልጅ አገኘኋት። ኮቷን አውልቃ ራሷን ሳይሆን በእጇ የያዘችውን ጊታር ሸፍናበታለች። እኔው ፊት ያደገች፣ እኔው ፊደል ያስቆጠርኳት፣ አሁን ሙዚቃ የምታስተምር ልጅ ናት። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የቀድሞ ተማሪዎቼ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ጎንበስ ብለው ጤንነቴን ይጠይቁና ቶሎ ያመልጣሉ፤ ምክር እንደማበዛ ያውቃሉ። እሷን ግን ዝናቡ ይዟት ማምለጫ አልነበራትም።

«እንደምን ዋሉ ጋሼ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ምነው ልጄ፣ ራስሽ እየራሰ እንጨት ትሸፍኛለሽ?»

«እንጨቱ የአባቴ ሥራ ነው። ትምህርት ቤቱ መለሰው። ይሄ ሦስተኛው ነው።»

ነገሩ አልገባኝም። አባቷን ሰፈሩ በሙሉ «ጆሮ» እያለ ነው የሚጠራው። አርባ ዓመት ጊታር ሲሠራ መለኪያ ይዞ አላየሁትም። የፊቱን ሳንቃ ይልጋል፣ ያነሳል፣ በጣቱ አንጓ ኳ ያደርገዋል፣ ያዳምጣል፤ እንደገና ይልጋል፤ ሳንቃው ራሱ «በቃኝ» እስኪለው ድረስ። የዚህ ሰው ሥራ ይመለሳል ብሎ ማን ያስባል?

«ምን ጎደለው?» አልኳት።

«ምንም አልጎደለውም። መልኩ ያምራል፣ ልኩም ልክ ነው። ሲመቱት ግን ድምፁ ጉሮሮው ላይ ይቀራል። አንዷ ተማሪዬ ‹ቲቸር፣ ይሄ ጊታር አኩርፏል› አለችኝ። የአባቴ እጅ አለበት ጋሼ፣ እሱ ግን የለም። እናቴ ከሞተች ወዲህ ሳንቃውን መምታት ትቷል። በብረት መለኪያ ይለካል። ያ ሬዲዮ ደግሞ ከጠዋት እስከ ማታ ይጮኻል። ማን እንደሰጠው ባወቅኩ።»

ዝም ብል ማንም አያውቅብኝም ነበር። ግን ሠላሳ ሁለት ዓመት «እውነት ተናገሩ» ብዬ ያስተማርኩትስ?

«እኔ ነኝ የሰጠሁት» አልኩ። «ቀብሩ ባለፈ በሳምንቱ። ብቻውን ቤቱ ሲውል ሐዘኑ ይብስበታል ብዬ የራሴን አንስቼ ወሰድኩለት።»

ትቆጣለች ብዬ ስጠብቅ ዓይኗ እንባ አቀረረ። «እንግዲያው አብረውኝ ይምጡ። አንድ ሳንቃ ብቻ ነው የቀረው። እሱና እናቴ አብረው የመረጡት፣ አሥራ ሁለት ዓመት ጥላ ሥር የደረቀ። ዛሬ ሊልገው ነው። ይሄም ዲዳ ከሆነ መጋዙንም መላጊያውንም ለሰው ሰጥቼ እዘጋዋለሁ ብሎ ምሏል። እሱ አንዴ ከማለ ያውቁታል። ከዘጋ ደግሞ ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ያልቃል።»

ዝናቡ ባያባራም ሄድን።

ሱቁና ቤቱ አንድ ናቸው። ፊት ለፊት የሥራው ክፍል፣ ከኋላ መኝታ ቤቱ፣ መሃላቸው የጣውላ ግድግዳ። ገና ከበሩ ሬዲዮው ስለ ሳሙና ሲለፈልፍ ሰማነው። አባቷ፣ የቆየ ወዳጄ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ሳንቃውን በመለኪያው መንጋጋ ነክሶ ይለካል።

«መምህር፣ መጣህ? ግባ። ወንበሩ ላይ ሰጋቱራ አለ፣ አራግፈህ ተቀመጥ» አለኝ፤ ድምፁን ከሳሙናው በላይ ከፍ አድርጎ።

ልጁ ጊታሩን አቀበለችው። ለምን ተመለሰ ብሎ አልጠየቀም። ቀድመው የተመለሱት ሁለቱ የተሰቀሉበት ምስማር አጠገብ ፊቱን ወደ ግድግዳ አድርጎ ሰቀለው።

«አባዬ፣ ሬዲዮውን ልዝጋው?»

«ተይው። ወሬ ያሰማኛል።»

«አሁን ምን አለ?»

«ማን?»

«ሬዲዮው።»

አሰበ፣ አሰበና ወደ እኔ ዞረ። እኔም የሳሙናው ነገር አልቆ ወሬው ወደ ምን እንደተሻገረ አላውቅም ነበር። ሁለት ሽማግሌዎች እንደ ሰነፍ ተማሪ ተያየን።

«አየህ አባዬ፣ አትሰማውም እኮ።»

«ልጄ፣ አንቺ ተምረሻል፤ እኔ ደግሞ ኖሬያለሁ» አላት በትዕግሥት። «ዝም ያለ ቤት ሰው ይበላል። ማታ አልጋዬ ላይ ስጋደም ጭንቅላቴ እንደ ገበያ ይንጫጫል። ይሄ ሬዲዮ ባይኖር አብጄልሽ ነበር።»

እዚህ ላይ ዝም ማለት ነበረብኝ። ግን ሬዲዮው የእኔ ስለነበር ተሟገትኩለት። «እውነቱን እኮ ነው። ሐዘንተኛን ማዘናጋት ምን ክፋት አለው? እኛም ለቅሶ ቤት ሄደን የምናወራው ለዚሁ አይደል?»

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ለቅሶ ቤት የምንሄደው አብረን ልናዝን ነው። ሕመምተኛ ሲቃትት ጆሮ መድፈን መድኃኒት ይሆናል?» አለችኝ ጎንበስ ብላ። ያስተማሩት ልጅ እንዲህ በትሕትና አፍ ሲያስይዝ ደስም ይላል፣ ያናድዳልም። ወደ አባቷ ዞራ ቀጠለች።

«አባዬ፣ በመጀመሪያው ሳምንት ለተማሪዎቼ አንድም ዘፈን አላስተምርም። አንድ ክር ይመታሉ፣ ድምፁ እስኪያልቅ ያዳምጣሉ። ይኸው ነው። ልባቸው ይሄዳል፤ የአንዱ ምሳው ጋ፣ የአንዷ የተጣላቻት ጓደኛዋ ጋ። አልቆጣም። ‹ተመለሱ› ነው የምላቸው። መቶ ጊዜ ቢሄድ መቶ ጊዜ ይመለሳል። በስተኋላ እጃቸው ምን እየሠራ እንደሆነ መስማት ይጀምራሉ። ይሄን ከማን የተማርኩት ይመስልሃል? ልጅ ሆኜ እዚህ ሰጋቱራ ላይ ተቀምጬ አንተን እያየሁ ነው።»

«የልጅ ነገር ነው» አለ። «የእኔ ልብ የሄደው ምሳ ጋ አይደለም።»

ልጁ ተነስታ ሬዲዮውን ዘጋችው። ዝናቡ ጣራው ላይ ሲወርድ ተሰማን።

«እስቲ ምታው። ሳንቃውን፣ አንዴ ብቻ።»

ወዳጄ ሳንቃውን በአንድ እጁ አንጠለጠለ። ሌላውን እጁን አጥፎ ወደ እንጨቱ አስጠጋ። አልመታውም።  ሳንቃውን ጠረጴዛው ላይ መልሶ አስቀመጠ።

«ያን ቀን ሬዲዮ አልነበረም» አለ።

«የትኛውን ቀን?»

«እናትሽ የሄደችበትን። ሱቁ ጭጭ ያለ ነበር። ስምንት ወር የአልጋ ቁራኛ ሆና፣ ድምፅዋም ከድቷት፣ ግድግዳውን በጣቷ እያንኳኳች ነበር የምንግባባው። ሁለቴ ስታንኳኳ ውሃ። ሦስቴ ስታንኳኳ ‹ና›። ያን ቀን ጠዋት ሳንቃ እየላግኩ ነበር። ባለፈው ቀን አንድ ሰውዬ መጥቶ ‹የዚህ ጊታር አንገት ጠማማ ነው› ብሎኝ ሄዷል። ጠማማ አልነበረም። ፊት ለፊቱ መልስ አጥቼለት፣ ጠዋት እየላግኩ በልቤ እመልስለታለሁ። አንድ መልስ እሰጠዋለሁ፤ ከሱ የባሰ ይመጣልኛል፤ እሱንም እሰጠዋለሁ። ሦስት ሰዓት ሙሉ ከሌለ ሰው ጋር ስጣላ ዋልኩ። እጄ በመሃሉ ሳንቃውን ይመታል። ኳ፣ ኳ፣ ኳ የሚል ሰማሁ። ሰምቻለሁ፤ አልሰማሁም አልልሽም። የገዛ ጣቴ መሰለኝ። እንደገና ኳ፣ ኳ፣ ኳ አለ። ጣቴ ነው ብዬ መላጌን ቀጠልኩ። ለምሳ ስገባ እጇ ግድግዳው ላይ ነበር።»

እኔ ጎረቤቱ፣ ወዳጁ፣ ሬሳ ተሸካሚው፣ ይህን አላውቅም ነበር። ልጁም አታውቅም ነበር። ፊቷ ሲለወጥ አየሁ። ዝም ማለት የማይችል ሰው ሲጨንቀው ተረት ይተርታል፤ እኔም «የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም» አልኩ።

«አውቃለሁ መምህር። ውሃው ግን እግሬ ሥር ነው ያለው» አለኝ። «ሐኪሙ ‹ብትደርስም አታተርፋትም ነበር› ብሎኛል። እሷ ግን ላትርፍ ብላ አይደለም የጠራችኝ። እንድመጣ ነው። ከዚያ ወዲህ ሳንቃ በመታሁ ቁጥር እሷ ናት የምታንኳኳው። በሬዲዮ የምሸፍነው እሷን ነው።»

ልጁ ተነስታ ወደ ግድግዳው ሄደች። መዳፏን ጣውላው ላይ አሳረፈችና ጀርባዋን ሰጥታን አለቀሰች። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም፤ ብዙ ቆየች።

«ዓመት ሙሉ ደበቅከኝ?» አለች ሳትዞር።

«ምን ብዬ ልንገርሽ? አሁን ደግሞ ተረጋጋ፣ ሐሳብህን ጸጥ አድርግ ትዪኛለሽ። እኔ ይሄን ማሰብ ብተው ማን ያስባታል? ሌላ የምሰጣት የለኝም። ሐዘኔ ይሄው ነው። ልቤ አንድ ደቂቃ ካረፈ ሁለተኛ ትቻት የሄድኩ ይመስለኛል።»

አንባቢዬ፣ የክርክሩ ሥር ይህ ነበር። ብዙዎቻችን ጭንቀት ፍቅር ይመስለናል። ያለ ዕረፍት የሚብሰለሰል ሰው ስናይ «እንዴት አዛኝ ነው» እንላለን፤ ልቡ ያረፈውን ደግሞ እንታዘበዋለን። እኔ ራሴ ይህንኑ ስመክር ኖሬያለሁ። ስለዚህ ልጁ ምን ትመልስ ይሆን ብዬ ጓጓሁ።

ዞረች። ዓይኗ ቀልቷል። «አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ አትቆጣኝ። እናቴ እንዴት ነበር የምትስቀው?»

አፉን ከፈተ። ሠላሳ አራት ዓመት አብሯት የኖረ ሰው፣ ሳቋ አልመጣለትም። ደነገጠ፤ ከእጁ አንድ ነገር ያመለጠው ይመስል መዳፉን አየ።

«አፍንጫዋን…» አለች ልጁ።

«…በሁለት ጣት ይዛ» አለ ቀስ ብሎ። «ስትስቅ ያንኮራፋታል። እንዳይሰማባት አፍንጫዋን ትይዛለች። በአፏ ያመልጣታል።» እሱንም ሳቅ አመለጠው፤ ሳቁ ወደ ልቅሶ ዞረ። ዓመት ሙሉ ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም ነበር።

«አባዬ፣ ዓመቱን ሙሉ ስታስብ የኖርከው እሷን አይደለም» አለችው አጠገቡ ተቀምጣ። «ራስህን ነው። ከሳሹም አንተ፣ ተከሳሹም አንተ፣ ዳኛውም አንተ፤ እሷ ለምስክርነት እንኳን አልተጠራችም። ያን ቀን ከሰውዬው ጋር እየተሟገተ የወሰደህ ልብህ ዛሬም እየወሰደህ ነው፤ ክሱን ብቻ ነው የለወጠው። ያኔ ከእሷ ወሰደህ። ዛሬ ከሥራህ ወሰደህ። ከእኔም።»

«ከአንቺ እንዴት?»

«ባለፈው ሳምንት እዚሁ ወንበር ላይ ተቀምጬ አንድ ሰዓት አወራሁህ። ምን እንዳልኩህ ታስታውሳለህ?»

መነጽሩን ከግንባሩ አወረደ።

«ወደ ሌላ ከተማ ልዛወር እንደሆነ ነው የነገርኩህ። ሩቅ ነው። ልሂድ ወይ ብዬ ነበር የጠየቅኩህ። አንተም ‹መልካም ነው› አልከኝ። እኔም እያንኳኳሁ ነው አባዬ።»

ልብ ካላየ ዓይን አያይም የሚለውን ለተማሪዎቼ ስንት ጊዜ ሰሌዳ ላይ ጽፌዋለሁ። ትርጉሙን ግን የተማርኩት ያን ቀን፣ ወዳጄ ልጁን እንደ አዲስ ሲያያት ነው። ፀጉሯን፣ የረጠበ ትከሻዋን፣ ኮት የሌለው ሰውነቷን አየ።

«ርሰሻል እኮ» አላት። «መቼ ነው የምትሄጂው?»

«ሁለት ወር ቀርቶታል።»

የራሱን ሹራብ አውልቆ ትከሻዋ ላይ ጣለላት። «ታዲያ ምን አድርግ ነው የምትዪኝ? ሳንቃውን ስመታ ትመጣለች። ምን ልበላት?»

«ስትጠራህ ምን ትላት ነበር?»

«ወዬ ነዋ።»

«እሱኑ በላት። አትሽሽ፣ አትከራከር። ወዬ በላትና ወደ እጅህ ተመለስ። ደግማ ከመጣች ደግመህ።»

ሳንቃውን አንስቶ መታው። ኳ አለ። ዓይኖቹን ጨፈነ። ወደ ግድግዳው ዞር ብሎ «ወዬ» አለ። ቆየ። መላጊያውን አነሳና አንድ ጊዜ ሳበ፤ ቀጭን ፍቅፋቂ ተጠቅልሎ ወደቀ። ሳንቃውን እንደገና አነሳ። ኳ። «ወዬ።» ከሰዓት በኋላው በዚህ አለፈ። አንዳንዴ ሳንቃውን አስቀምጦ ያለቅሳል፤ እንባውን በክንዱ ይጠርግና ይቀጥላል። እኔ ተመልካቹ እንኳን ልቤ ሃያ ጊዜ ሄዷል፤ ጫማዬን የት እንደማደርቀው፣ ቤቴ ደርሼ ለባለቤቴ ይህን ሁሉ እንዴት አሳምሬ እንደምተርክላት ሳስብ። ልጁ ታዝባኝ ኖሮ «ይመለሱ ጋሼ» አለችኝ።

በአንድ ቀን ዳነ ብዬ ብጽፍ ውሸታም እሆናለሁ። በማግስቱ ስሄድ ሬዲዮው ይጮህ ነበር። ሲያየኝ እንደ ተያዘ ሌባ አፍሮ ዘጋው። «ምከረው ምከረው፣ እንቢ ካለ መከራ ይምከረው» ብዬ ቀለድኩበት። «መከራውስ መጥቶ ነበር መምህር፤ የሚያዳምጠው ጠፍቶ ነው እንጂ» አለኝ። በሳምንቱ ሬዲዮዬን አምጥቶ መለሰልኝ።

ሰባት ሳምንት ያንን አንድ ሳንቃ ሲሠራ ቆየ። ያን ጊዜ ያየሁትን ጥቅም ሳልዘረዝር ባልፍ የአስተማሪነት ዐመሌ አይለቀኝም። አንደኛ ነገር፣ ከተመለሱት ጊታሮች የሁለቱን ፊት ነቅሎ እንደገና በጆሮው ላጋቸውና ድምፃቸው ተከፈተ፤ አንዱ ግን ከልክ በላይ ተልጎ ስለነበር እንደተሰቀለ ቀረ። ምግብ ሲበላ ምን እንደበላ ያውቃል። ሰው ሲያናግረው ለመመለስ አይቸኩልም፤ አንዳንዴ እንዲያውም መልስ አይሰጥም፣ ይሰማል ብቻ። ልጁ በየቀኑ ከሥራ ስትወጣ ትመጣለች፤ እሱም ስለምትሄድበት ከተማ ይጠይቃታል፤ የምትከራየው ክፍል መስኮት ወዴት እንደሚያይ ሳይቀር። የእናቷን ነገር ያነሳሉ፤ ሲስቁ አፍንጫቸውን ይይዛሉ። ሐዘኑስ ለቀቀው ወይ የሚለኝ ካለ፣ አልለቀቀውም። አሁንም ሳንቃ ሲመታ ትመጣለች። ይመልስላታል፣ ይሠራል። ልብን ማሳረፍ ሐዘንን ማባረር የሚመስለው እንደ እኔ ያለ ሰው ካለ፣ ከእኔ ስህተት ይማር። ሐዘን መልስ ሲያገኝ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ የሚጮኸው በር ሲዘጋበት ነው።

ልጁ የምትሄድ ዕለት ሻንጣዋ በር ላይ ሆኖ ሱቁ ውስጥ ተሰበሰብን። ከዚያ ሳንቃ የሠራውን ጊታር አቀበላት። ለእሷ እንደሠራው ቀድማ አልሰማችም ነበር፤ ጭኗ ላይ አድርጋ ወፍራሙን ክር አንዴ ብቻ መታችው። ድምፁ ክፍሉን ሞላው፣ ቀስ በቀስ ቀጠነ፣ እንዳለቀ እስክንጠራጠር ድረስ ቆየ። ሦስታችንም ሳንተነፍስ እስከ መጨረሻው ሰማነው። በዕድሜዬ አንድ ነገር ከጫፍ እስከ ጫፍ የሰማሁት ያኔ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

«ከድሮዎቹ ይበልጣል አባዬ» አለችው።

«አይበልጥም፤ አታቆላምጪኝ። ከድሮዎቹ ከዚህ የሚሻሉ አሉ» አላት። ሻንጣዋን አንስቶ እስከ ደጁ ሸኛት፤ እዚያ ቆመው እጇን ያዘ። «እናትሽ ስትሄድ አልነበርኩም። ይሄን ስሠራ ግን ነበርኩ። አንቺም ስትሄጂ፣ ይኸው አለሁ።»